ቀኑን የዋጠው ግራፍ፦ ማይክሮቲክ ሄክስ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከወራት በኋላ

ራውተሩ ይሠራል። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ኔት ያከፋፍላል፣ ድምፅ የለውም፣ ካልነኩት አይነካም። ክረምቱን አብረን አሳልፈናል፤ ራውተር ሆኖ አላሳፈረኝም። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ግራፉ ነው፤ የኔት አጠቃቀሙን በሥዕል ስለሚያሳየው። በግራፉ ተናድጃለሁ።

ዕቃው ማይክሮቲክ ሄክስ ነው፤ አርቢ 750 ጂአር 3 የሚባለው፣ የቀድሞው ሞዴል። ኩባንያው የላትቪያ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ሪጋ ላይ የተመሠረተ። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነው። 5 የኬብል ቀዳዳ፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ 16 ሜጋባይት ማከማቻ አለው። አዎ፣ 16 ሜጋባይት። ጊጋ አላልኩም። ዋይፋይ የለውም፤ እሱ ለብቻው ይገዛል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ የተማሪ አሳይመንት፣ የፋይዳ ካርድ ማተም፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ፎቅ ላይ ፔንስዮን አለ። መስመሩ አንድ ነው፣ 20 ሜጋ። ሒሳቡን ከፔንስዮኑ ባለቤት ጋር ለሁለት እንከፍላለን። ለሁለት የሚከፈል ነገር ደግሞ ጭቅጭቅ አያጣውም። ይህን ራውተር የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ፣ በስንት ሰዓት እንደተጠቀመ በሥዕል ያሳያል ተባልኩ። መዝግቦ ያስቀምጣል ተባልኩ።

እስከ ሐምሌ ድረስ ቃሉን ጠበቀ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ኔቱ ከጠዋት ጀምሮ ተንቀራፈፈ። ገጽ አይከፍትም። ቴሌግራም ፎቶ አያወርድም። ደንበኛ ይቀመጣል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ መጣና መብራት ሄደ። በማግስቱ የመስመር ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ገና በሩን ሳያልፍ፣ «ከእኛ በኩል ችግር የለም። እናንተው ናችሁ የምትጨርሱት» አለ። የፔንስዮኑ ባለቤት እትዬ ከፎቅ ወርደው ይህን ሰሙ። «ይኸው! አላልኩህም፣ አንተ ልጅ? ያንተ ተማሪዎች ናቸው ፊልም የሚያወርዱት» አሉኝ።

እኔ ግን ኮራ ብዬ ነበር። «ቆይ እትዬ፣ ክርክር አያስፈልግም፤ ግራፉን ልክፈተው» አልኩ። ከፈትኩት።

የትናንቱ ቀን የለም።

ዝቅ ያለ አይደለም፣ የተዛባም አይደለም። የለም። ከዋዜማው ማታ አንሥቶ መብራት እስከመጣበት ሰዓት ድረስ ነጭ ባዶ ቦታ ነው። ባለሙያው አየኝ። እትዬም አዩኝ። ወራት ሙሉ «ሁሉም ነገር ይመዘገባል» እያልኩ ስፎክር የሰሙኝ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተሩ የሚሰበስበውን ቁጥር መጀመሪያ የሚይዘው ራም ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በተወሰነ ጊዜ ወደ ማከማቻው ይጽፈዋል። ቀኑን ሙሉ የተዋጣውን በቃሉ ይዞ ማታ ማታ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር የዕድር ጸሐፊ አስቡ። ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ከሆነ የዚያ ቀን ሒሳብ አብሮት ይሄዳል። የሚጽፍበትን ጊዜ የሚወስነው ስቶር ኤቭሪ የሚባለው ቦታ ነው። ሦስት ምርጫ አለው፦ በየ5 ደቂቃው፣ በየሰዓቱ፣ በየ24 ሰዓቱ። ሌላም አለ፣ ስቶር ኦን ዲስክ የሚባል። እሱ ከጠፋ ጨርሶ አይጽፍም፤ ራውተሩ በተነሣ ቁጥር ታሪኩ ከዜሮ ይጀምራል። የእኔ በርቷል። ስቶር ኤቭሪ ግን 24 ሰዓት ላይ ነበር። ሐምሌ ውስጥ፣ ጎጃም ላይ፣ በቀን አንዴ የሚጽፍ ግራፍ!

ለገጠመልኝ ቴክኒሻን ደወልኩ። «ሆን ብዬ ነው ወንድሜ። ቶሎ ቶሎ ከጻፈ ፍላሹ ያልቃል» አለኝ።

ይህ ውሸት አይደለም። ፍላሽ ማከማቻ የሚጻፍበት መጠን ገደብ አለው። በየ5 ደቂቃው ከሆነ በቀን 288 ጊዜ መጻፍ ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማከማቻ ደግሞ ተነቅሎ የሚቀየር አይደለም። ይገባኛል። ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ከፋብሪካ ሲልኩት በየ5 ደቂቃው አድርገው ነው የሚልኩት። አንድ ሰው ገብቶ ካልነካው እዚያው ላይ ነው የሚቆየው። ዕቃውን የሠራው ሰው ለፍላሹ ካልፈራ፣ የገጠመው ሰው ምን አስፈራው? ደግሞስ ፍላሹ ሳያልቅ ቢኖር፣ ባዶ ግራፍ ይዞ ለመኖር ነው? ይህን በስልክ ነገርኩት። «እንደፈለክ» ብሎ ዘጋው።

አሁን 5 ደቂቃ ላይ ነው። ስንት እንደተጻፈ የሚቆጥር ቁጥር ሲስተም ሪሶርስ የሚባለው የራውተሩ ገጽ ውስጥ አለ። አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ያድጋል። ይደግ። እስካሁን የተበላሸ ነገር አላየሁም።

ሻጩ እዚህ ላይ ጣልቃ ሲገባ ይታየኛል፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ። «አንተ ደግሞ! ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው አላልኩህም?»

ብለኸኛል። አለውም። ማይክሮ ኤስዲ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ስትሸጥልኝ ሦስቴ ነው ያሳየኸኝ። እኔም ካርድ ገዛሁ፣ ከተትኩ፣ ራውተሩም አወቀው። ከዚያስ? የግራፉን ሴቲንግ ክፈተው እስቲ። ገጹ በየስንት ጊዜው ይታደስ የሚል አለ፣ በየስንት ጊዜው ይጻፍ የሚል አለ። የት ይጻፍ የሚል የለም። ካርዱ ላይ አስቀምጥ ብዬ የማዝበት ቦታ የለም። ግራፉ እዚያችው 16 ሜጋባይት ላይ ነው የሚኖረው።

«ዱድ አለ እኮ!» ትለኛለህ ደግሞ። አለ። ዱድ የዚሁ ኩባንያ መከታተያ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ ሄክስ ላይ ይጫናል፣ መረጃውን ካርድ ላይ ያስቀምጣል። ለትልቅ መሥሪያ ቤት ጥሩ ነው። እኔ ኮፒ የማነሣ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ጠፋብኝ ብዬ ሌላ ፕሮግራም ልማር? የሸጥክልኝ «ሚሞሪ አለው፣ ግራፍ አለው» ብለህ ነው። ሁለቱ እንደማይገናኙ አልነገርከኝም።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ምስጋና አለኝ፤ ሻጩ ጨርሶ ያላነሣው ነገር። ራውተሩ ከ8 እስከ 30 ቮልት ባለው ዲሲ ይሠራል። ያም ማለት 12 ቮልት ባትሪ ላይ ቀጥታ ይሰካል። ኢንቨርተር አያስፈልገውም። ዩኤስቢው ላይ ምንም ካልተሰካ የሚበላው 5 ዋት ገደማ ነው። እኔ ከሶላር የተረፈ ባትሪ ነበረኝ። ከቻርጀር ጋር አያይዤ፣ መሐል ላይ ፊውዝ አስገብቼ፣ ራውተሩን እዚያ ላይ አዋልኩት። የፋይበሩ ሳጥንም ጀርባው ላይ 12 ቮልት ይላል፣ እሱንም ጨመርኩ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ብቻ አትሳቱ፤ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግራፉ መብራት ሲጠፋም ይቀጥላል። ያልጠበቅኩት ነገርም መጣ። መብራት ሲሄድ የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ አንዴ ይጠፋሉ፣ መስመሩ ላይ የሚቀረው የተወሰነ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራፉ ላይ አጠቃቀሙን የሚያሳየው አረንጓዴ ድንገት ይወርዳል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ይነሣል። አሁን መብራት መቼ እንደጠፋና መቼ እንደመጣ ከግራፉ ላይ አነባለሁ። ለዚህ አልገዛሁትም፣ ግን አልጠላሁትም።

ወደ ንዴቴ ልመለስ፣ ገና አልጨረስኩም።

ግራፉ አራት ሥዕል ነው የሚሰጠው፦ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር፣ የዓመት። የቀኑ የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። የሳምንቱ የ30 ደቂቃ፣ የወሩ የ2 ሰዓት፣ የዓመቱ የአንድ ቀን። ይህን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ሰው መስመሩን ለ10 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ያዘው እንበል፣ 20 ሜጋውን በሙሉ። በቀኑ ግራፍ ላይ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ሌላ ማንም ካልተጠቀመ፣ በሳምንቱ ላይ ወደ 7 ሜጋ ይወርዳል። በወሩ ላይ 2 ሜጋ እንኳ አይሞላም። በዓመቱ ላይ ከመሬቱ አይለይም። ስለዚህ «ባለፈው ወር እንትን ቀን ከሰዓት» የሚል ክርክር በዚህ ራውተር አይፈታም። ያ ሰዓት በአማካይ ውስጥ ቀልጧል። ጥቅሙ ደግሞ ይኸው ነው ይላሉ፦ ፋይሉ አያድግም፣ ማከማቻው አይሞላም። እውነት ነው። የዲስኩን ግራፍ ብትከፍቱት ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ከወር ወር አይንቀሳቀስም። እኔ ያገኘሁት መላ ነገር ሲሸተኝ የቀኑን ግራፍ በዚያው ዕለት በስልኬ ፎቶ ማንሣት ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ራውተር የገዛሁት፤ ስክሪን ፎቶ ላነሣ።

የሰዓቱም ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የለም። መብራት ጠፍቶ ሲነሣ ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ቀኑን አያውቀውም። ባትሪ ሳይኖረኝ በፊት ሎጉን፣ የራውተሩን የውሎ መዝገብ፣ ስከፍት 1970 እ.ኤ.አ. ይለኝ ነበር። በእኛ 1962 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ መብራቱ መጥቶ መስመሩ የሚዘገይበት ቀን ብዙ ነው። ሰዓት ከኔት የሚያመጣውን ቦታ ማብራት፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ማድረግ የግድ ነው፤ ያለዚያ ግራፉ ላይ የምታዩት ሰዓት የማንም ሰዓት አይደለም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ያሳየኝን ልንገራችሁ። ግራፉ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእትዬ «ይሄ 14 ማለት ከሰዓት 8 ነው» እያልኩ ማስረዳት ሰለቸኝ። ልጁ የሰዓት ክልሉን ወደ ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ቀየረው። ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። ግራፉ በኢትዮጵያ ሰዓት መናገር ጀመረ! ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ይላል። ቀኑም የሚቀየረው እንደኛ ጠዋት ነው። ማታ ማታ 12 መቀነስ አለባችሁ እንጂ ሌላው ልክ ነው። ከመስመር ባለሙያው ጋር ሰዓት ስናመሳክር ግን ተምታታብን፤ ወደ አዲስ አበባ መለስኩት። እትዬ አሁንም ቅር ብሏቸዋል።

አሁን ደስ ያለኝን ልናገር፣ ያው በአንድ ቀን ምክንያት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ዕለት ቤቱ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሟል። ተማሪ አለ፣ አባት አለ፣ ከገጠር ሌሊት ተነሥተው የመጡ እናት አሉ። ገጹ አይከፍትም። «ኔትህ ሞቷል! ገንዘባችንን ልትበላ ነው?» ማለት ተጀመረ። ግራፉን ከፈትኩና ስክሪኑን ወደ ሰው አዞርኩት። አረንጓዴው መሬት ላይ ተኝቷል። ከ20 ሜጋው 2 ሜጋ እንኳ የተጠቀመ የለም። መስመሩ ባዶ ነው፤ የተጨናነቀው ወዲያ ማዶ ያለው ውጤት የሚሰጠው ገጽ ነው። አንድ መምህር ይመስለኛል፣ ጠጋ ብሎ አይቶ «እውነቱን ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ በሩ ነው የተዘጋው» አለ። ሰውም ተረጋጋ። ማንም አልሄደም። ሻይ አስመጥተው ጠበቁ። ያን ቀን ለዚህ ሳጥን የከፈልኩት ሁሉ ሐላል ነው አልኩ።

ለፔንስዮኑ ሲምፕል ኪው የሚባለው የኔት ድርሻ መመደቢያ ተሠርቶለታል፤ የራሱ ድርሻ፣ የራሱ ግራፍ። መጀመሪያ ላይ ግን ግራፉ ዜሮ ነበር የሚያሳየው። ኔት እየሄደ፣ ግራፉ ዜሮ። ምክንያቱ ፋስትትራክ የሚባለው ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ትራፊኩን በአቋራጭ ያሳልፈዋል፣ በኪው በኩል አያልፍም፣ ስለዚህም አይቆጠርም። ሲያጠፉት ቁጥሩ መጣ። ፕሮሰሰሩ ትንሽ ይበልጥ ይደክማል፤ የሲፒዩ ግራፍ ላይ ይታያል። ለ20 ሜጋ ምንም አይደለም። እጅግ ፈጣን መስመር ያለው ሰው ግን ያስብበት።

የኪው ግራፍ አንድ ጥሩ ነገር አለው። አላው ታርጌት የሚለው ከበራ ባለድርሻው የራሱን ግራፍ ብቻ በራሱ ስልክ ያያል። ይህንን ማብራት ግድ ነው፣ ሌላውን ደግሞ መዝጋት። አድራሻ ካልተገደበበት የግራፉ ገጽ ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ለማንም ይከፈታል። እኔ ከኮምፒውተሬ ሌላ ሁሉንም ዘጋሁ። እትዬ የራሳቸውን ያያሉ። ይህ ደግሞ አዲስ ጣጣ አመጣ። ሌሊት ይደውላሉ። «አንተ ልጅ፣ አረንጓዴው ተራራ ሆኗል፤ ማነው?» እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ የእርስዎ እንግዳ ነው። ግራፉ መጠንና ሰዓት እንጂ ማን ምን እንደከፈተ አይናገርም። አንዳንድ ደንበኛ «የምናየውን ታያለህ አሉ» ብሎ ይጠይቀኛል። አላይም። ማየትም አልፈልግም።

ታዲያ ይገዛል ወይ? መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ሐምሌ ላይ ብትጠይቁኝ ራውተሩን ከነሻጩ ነበር የምረግመው። ውጤት በተለቀቀ ዕለት ብትጠይቁኝ አስመርቄ እሸጥላችሁ ነበር። ዛሬ ይገዛል እላለሁ፣ ከመጠነኛ ኩርፊያ ጋር። ያ የጠፋው ቀን አሁንም ያበግነኛል። የዚያን ዕለት መስመሩን ማን እንደያዘው፣ ወይ ከውጭ የመጣ ችግር እንደነበር አይታወቅም። የዚያን ወር ሒሳብ ለሁለት ከፈልን።

ካርዱን ከራውተሩ አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እህቴ ደጀን ላይ ጽሕፈት ቤት ልትከፍት ነው፤ ይህንኑ ልትገዛ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ባትሪውን ግዢ፣ ከዚያ ራውተሩን አልኳት። ራውተሩን የሚገጥምላት ሰው ከበር ሳይወጣ ስቶር ኤቭሪን ከፍቶ እንዲያሳያትም ነግሬያታለሁ። ቴክኒሻኑ ግን ሌላ ነው የሚሆነው።